ባለ አልቦዋ ሽመላ

ልጆች ሆይ፤ እጅ ከዓይን ቀድሞ የሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያሳፍረዋል። አስቀድሞ ዓይን ቢያይ፥ ቀጥሎ ልብ ቢመረምር፥ እጅም ከሁለቱ በኋላ ቢከተል ግን ሥራው ያምራል። እኔ ይህን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በጋይንት አገር፥ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ፥ በአንድ ጨፌ ላይ ሳላስብ ካገኘኋት አንዲት ወፍ ነው። ነገሩም እንዲህ ነበረ።

በዚያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን በቆላው በኩል፥ ማሽላ በሚበቅልበት ሸለቆ ውስጥ ነበረ። ሁለት ነገር ዐውቅ ነበርና በሁለቱም እኰራ ነበር። አንደኛው ንባብ ነው። ፊደል ቈጥሬ ጨርሼ ማንበብ የጀመርሁት በዚያው ዓመት ስለ ነበረ፥ ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ ሳላነብ አላልፍም ነበር፤ የክብሪት ሣጥንም ቢሆን፥ የስኳር ከረጢትም ቢሆን፥ በመንገድ የወደቀ ቍራጭ ወረቀትም ቢሆን አንሥቼ አነበው ነበር። ሁለተኛው ወንጭፍ ነው። ማሽላው ባፈራ ጊዜ በማማ ላይ ቆሜ ወፍና ዝንጀሮ የምጠብቅ እኔ ነበርሁና እጄ ዒላማ አይስትም ነበር። ንባብ የጀመርሁት በዚያ ዓመት ነው፤ ወንጭፍ ግን ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ዐውቅ ነበር። ስለዚህ እጄ ከዓይኔ ይልቅ የሠለጠነ ነበረ።

ታላቅ ወንድሜ በቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ነበረ። ድጓ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው የሚነገርለት የዜማ መጽሐፍ ነው። ቤተ ልሔምም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ይኸውም በሌላ ስፍራ ድጓ የተማረ ሰው ወደዚያ መጥቶ ተምሮና ተፈትኖ፥ «ዐውቆአል» ተብሎ የሚመሰከርለት ስፍራ ማለት ነው። ስለዚህ ከየአገሩ ብዙ ተማሪዎች ሩቅ መንገድ በእግራቸው ተጕዘው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ደበሎ ለብሰው፥ በትንንሽ ጎጆ እያደሩ፥ ከመንደር እየለመኑ ይማሩ ነበር። ወንድሜም እንደ እነርሱ ነበረና በኅዳር ወር አያቴ፥ «ለወንድምህ ስንቅ እናድርስለት» ብለው ይዘውኝ ወጡ። እርሳቸው በሶውን በአህያ ጭነው፥ እኔም ጥቂት ቆሎ በትከሻዬ አንግቼ፥ ከማለዳ ጀምረን ዳገቱን ስንወጣ ውለን ለዓይን ሲይዝ ደረስን። ወንጭፌም በወገቤ ላይ ነበረ።

በማግሥቱ አያቴ ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩኝ። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌሎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው። እኔም፥ «ይህማ የእኛን ደብር ይመስላል» ብዬ ልመለስ ነበር። ወደ ውስጥ በገባን ጊዜ ግን በክቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ቆሞ አየሁ፤ አራት ማዕዘን ሆኖ በድንጋይ የታነጸ፥ እጅግ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ነው። ክቡ ቤት እንደ ካባ ሆኖ ይሸፍነዋል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ቶማስ ፓከናም የሚባል ወጣት መንገደኛ ወደዚያ መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ እጅግ ተደንቆ፥ በኋላም በመጽሐፍ ጽፎታል። ለአገሩ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበረ። አያቴም፥ «አየህ ልጄ፤ ከውጭ ብቻ ያየ ሰው ክብ ቤት ነው ብሎ ይሄዳል፤ ገብቶ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል» አሉኝ። እኔ ግን ነገራቸውን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ በልቤ አላኖርሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጥዋት ተሰናብተን ስንነሣ ወንድሜ ሊሸኘን አብሮን ወጣ። ከመንደሩ ጥቂት ራቅ እንዳልን ወደ አንድ ሰፊ ጨፌ ደረስን። ክረምቱ ያጠገበው መሬት ገና አልደረቀም ነበርና ሣሩ ለምለም ነበረ። ከብቶች ይግጡ ነበር፤ ነጫጭ ወፎችም ከከብቶቹ እግር ሥር የሚነሣውን ፌንጣ ይለቅሙ ነበር። ጋጋኖዎች ደግሞ ረጅሙን ቈልማማ ምንቃራቸውን በጭቃው ውስጥ እየሰደዱ ትል ይፈልጉ፥ በየጊዜውም ይንጫጩ ነበር። ይህን ሁሉ በአገሬ ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን ከሁሉም ተለይታ አንዲት ወፍ ብቻዋን ቆማ አየሁ። ቁመትዋ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ገላዋ ነጭ፥ የክንፍዋ ጫፍ ጥቁር፥ ምንቃርዋና እግርዋ ቀይ ነው። በአንድ እግርዋ ቆማ፥ ከጩኸቱ ሁሉ መካከል ዝም ብላ ነበር።

አያቴና ወንድሜ አህያውን እየነዱ ቀድመውኝ ነበር። በጨፌው ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ወፊቱን ስመለከት አይተው ወደ እኔ መጡ። አንደኛው፥ «ይህች ወፍ የዚህ አገር አይደለችም፤ ያልታወቀ ወፍ ገዱ መጥፎ ነው» አለ። ሁለተኛው ወንጭፌን አይቶ፥ «ቆለኛው፥ ከዚህ ሆነህ አትመታትም» አለ። እኔም ያን ጊዜ ስለ ወፊቱ ምንም አላሰብሁም፤ ያሰብሁት ስለ ራሴ ብቻ ነው። «እመታታለሁ» አልሁ። ጠጠሩን በወንጭፉ አግብቼ ሁለት ጊዜ አዙሬ ለቀቅሁት። ጠጠሩም እያፏጨ ሄዶ በክንፍዋ መጋጠሚያ ላይ መታት።

ወፊቱ አልጮኸችም። ሽመላ ድምፅ የሌላት ያህል ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም ነበር። በጎንዋ ወደቀች፤ ልትነሣም ሞክራ አልሆነላትም፤ ከዚያም ምንቃርዋን ደጋግማ ታማታ ጀመረች። ልጆቹ እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ሮጬ ከአጠገብዋ እስክደርስ ብቻ ነው የቈየው። በደረስሁ ጊዜ አንገትዋን አቅንታ አየችኝ። እኔም ዓይኔን ከዓይንዋ ላይ አንሥቼ ወደ እግርዋ ባደረግሁ ጊዜ፥ በእግርዋ ላይ እንደ ሴት አልቦ ያለ የብረት ነገር ሲያበራ አየሁ። ዝቅ ብዬ ብመለከት በአልቦው ላይ ፊደል ተቀርጾአል።

ልጆች ሆይ፤ ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ አነባለሁ ብዬ ስኰራ እንደ ነበር ነግሬአችኋለሁ። ያን ፊደል ግን ላነበው አልቻልሁም። ከሀ እስከ ፐ በልቤ ፈለግሁት፤ አንዱም አልተገኘም። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ የሰው ዕቃ የሰበርሁ መሰለኝ።

የልጆቹን ጩኸት ሰምተው አያቴና ወንድሜ ተመለሱ። ወንድሜ ደበሎውን አውልቆ በወፊቱ ላይ ጣል አደረገና ክንፍዋን ሰብስቦ በቀስታ ያዛት። አልቦውንም ብዙ ጊዜ ተመለከተው። እርሱ የድጓን ምልክት ሁሉ የሚያነብ ነበርና ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን፥ «ይህ የእኛ ፊደል አይደለም። ነገር ግን ፊደል ነው። ፊደል ከሆነ የጻፈው ሰው አለ፤ የጻፈው ካለም መልስ የሚጠብቅ አለ» አለ።

አያቴ አልመቱኝም፥ አልተቈጡኝምም። ወፊቱን አዩ፥ ወንጭፌንም አዩ፤ ከዚያም፥ «ምን አደረገችህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዝም አልሁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያን ጊዜ አላገኘሁም፤ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬም አላገኘሁም።

ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «ይህች ሽመላ ናት። ክረምት ሲወጣ መንጋ ሆነው በሰማይ ሲያልፉ ከልጅነቴ ጀምሬ አያለሁ፤ ከወዴት እንደሚመጡ ግን የነገረኝ የለም። ከወዴትም ትምጣ፥ ከሩቅ አገር መጥታ በደጃችን ያረፈች እንግዳ ናት። እንግዳ የመታ ሰው እንግዳውን ያስታምማል። እኔ አጨዳ ስላለብኝ እሄዳለሁ፤ አንተ ግን ይህች ወፍ እስክትበር ወይም እስክትሞት ድረስ ከወንድምህ ዘንድ ትቈያለህ።» ይህን ብለው ወንጭፌን ተቀብለውኝ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

ወፊቱን ወደ ወንድሜ ጎጆ ይዘን ተመለስን። የክንፍዋን አጥንት ዳስሶ ያየ አንድ ተማሪ፥ «አልተሰበረም፤ አብጦአል እንጂ» አለ። እኔም ቆሎ በመዳፌ አድርጌ ሰጠኋት፤ አልነካችም። በሶም በውኃ በጥብጬ አቀረብሁላት፤ ፊትዋን አዞረች። በዚያ ሌሊት ተማሪዎቹ ድጓቸውን ሲያዜሙ እኔ በጥግዋ ተቀምጬ እተነፍስ እንደ ሆነ ደረትዋን አያለሁ። በሁለተኛውም ቀን አልበላችም። «ብትሞት ለአያቴ ምን እላለሁ?» ብዬ አሰብሁ፤ ቀጥሎም፥ «የጻፈው ሰው ቢመጣ ምን እለዋለሁ?» ብዬ አሰብሁ።

በሦስተኛው ቀን ያው ጨፌ ላይ «አትመታትም» ያለኝ ልጅ በቅጠል ጠቅልሎ አሥር ያህል ፌንጣ አመጣልኝ። ምንም አልተናገረም፤ አስቀምጦት ሄደ። አንዱን ፌንጣ ከፊትዋ ለቀቅሁት። ወፊቱም አንገትዋን አዘንብላ አየችው፤ ከዚያ እንደ ወረንጦ ባለ ምንቃርዋ ቀጭ አድርጋ ዋጠችው። ሁሉንም በላች። ከዚያ ወዲያ እኔና ያ ልጅ ከጥዋት እስከ ማታ በጨፌው ፌንጣና ትል፥ እንቍራሪትም ስናድን እንውል ነበር። አንዲት ወፍ በአንድ ቀን የምትበላውን ፌንጣ ሁለት ልጆች ለቅመው ሊያደርሱላት ጭንቅ ነው። ያን ጊዜ፥ «እኔ በማማ ላይ ቆሜ እህል እጠብቃለሁ እላለሁ፤ እርስዋ ግን በእግርዋ እየሄደች እህል ትጠብቃለች» ብዬ አሰብሁ። በእውነትም ሽመላ አንበጣና ተምች ባለበት ስፍራ እየተከተለች የምትበላ ወፍ ናት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ በአገራችን ላይ ወርዶ የብዙ ገበሬ እህል በበላ ጊዜ፥ ይህ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር።

ወንድሜም በእነዚያ ቀኖች በመቃ ብዕሩ በአልቦው ላይ ያለውን ፊደልና ቍጥር አንድ በአንድ፥ እንደ ሥዕል አድርጎ በወረቀት ገለበጠው። የማያውቀውን ፊደል ነው የገለበጠው፤ ነገር ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አላጐደለም። «ያላወቁትን ነገር ሲገለብጡ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል፤ ያወቁትን ቢስቱት ማረም ይቻላል» ይለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ሞቅ ባለች ጊዜ ወደ ጨፌው አወጣናት። ጥቂት ጊዜ ቆመች፤ ክንፍዋን ዘረጋች፥ መልሳም አጠፈች። ከዚያ ሮጥ ሮጥ ብላ ክንፍዋን እያማታች ከመሬት ለቀቀች። እስትንፋሴን ይዤ አየሁ። መጀመሪያ ወደ ግራዋ አዘነበለች፤ የመታኋት በዚያ በኩል ነበረና የምትወድቅ መሰለኝ። ነገር ግን ቀና አለች፤ በሜዳውም ላይ እየዞረች፥ ክንፍዋን ሳታማታ፥ እንደ ጢስ ወደ ላይ ወጣች። እያነሰች እያነሰች ሄዳ በደቡብ በኩል ከዓይናችን ጠፋች። ያ እረኛ ልጅ፥ «ገድዋ መልካም ነው» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቄም ጋራ አለቀስሁ።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ አያቴ የተገለበጠውን ወረቀት አይተው በገበያ ቀን ወደ ነፋስ መውጫ ወሰዱኝ። በዚያ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ነበሩ። ወረቀቱን ባዩ ጊዜ ወዲያው፥ «ይህ የላቲን ፊደል ነው፤ የጀርመን አገር ስም ተጽፎበታል፤ ቍጥሩም የወፊቱ መለያ ነው። ይህን ከየት አገኛችሁት?» አሉ። ከዚያም አስቀምጠውን እንዲህ ብለው አስተማሩን።

«በጥንት ዘመን ሽመላ በክረምት ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ አልነበረም። አርስጣጣሊስ የሚባለው የግሪክ ፈላስፋ እንኳ ሽመላ ብርድ ሲመጣ ተደብቃ ትቀመጣለች ብሎ ጽፎአል። ሌሎችም ወፎች በባሕር ውስጥ በጭቃ ተቀብረው ይከርማሉ ይሉ ነበር። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. ግን በሰሜን ጀርመን በመክለንቡርግ አንዲት ሽመላ ተገደለች፤ ሲያዩአትም 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር በአንገትዋ ተሰክቶ ነበር። እንጨቱ ከአፍሪቃ እንደ ሆነ ታወቀ። እንግዲህ ወፊቱ ጦር ተሰክቶባት ከአፍሪቃ እስከ ጀርመን በርራለች ማለት ነው። ሰዎች ሽመላ የምትከርምበትን አገር ያወቁት በዚህ ነው። ይህችም ወፍ ደርቃ በሮስቶክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ትታያለች።

«ከዚያ በኋላ በ1899 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር በቪቦር ከተማ ሞርቴንሰን የሚባል የትምህርት ቤት አስተማሪ፥ ከቀላል ብረት ቀለበት ሠርቶ፥ አድራሻና ቍጥር ጽፎበት በ165 ትንንሽ ወፎች እግር ላይ አሰረ። ወፏን ያገኘ ሰው ቍጥሩን ቢጽፍለት ወዴት እንደ ሄደች ያውቃል። ይህ ጥበብ ወደ ብዙ አገር ተላለፈ። በጀርመንም ቲነማን የሚባል ሰው በ1901 ዓ.ም. በሮሲተን መንደር የወፎች መመርመሪያ ጣቢያ አቁሞ ብዙ ሽመሎችን ቀለበት አሰረላቸው። ዛሬ ጦር መወርወር አያስፈልግም፤ ቀለበቱን ማንበብ ይበቃል።»

አያቴም፥ «ታዲያ በየት በኩል ይመጣሉ? በባሕሩ ላይ ነውን?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም፥ «አይደለም። ሽመላ ከባድ ወፍ ናት፤ ክንፍዋን እያማታች ብቻ ሩቅ መንገድ ብትሄድ ይደክማታል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚወጣውን የሞቀ አየር ተቀምጣበት ትወጣለች፤ ከላይ ደግሞ ቍልቍል እየተንሳፈፈች ወደ ሌላው ትሄዳለች። በባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይገኝም። ስለዚህ ትልቁን ባሕር ትታ በኢስታንቡል በኩል፥ በሶርያና በእስራኤል፥ በሲና በረሓ አድርጋ የዓባይን ሸለቆ ተከትላ ወደ እኛ ትመጣለች። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከእኛም አልፈው እስከ ደቡብ አፍሪቃ ይደርሳሉ፤ ይህም 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ጸደይ ሲሆን ደግሞ ወደ ጎጆአቸው ይመለሳሉ» አሉ። አያቴም፥ «ስድሳ ዓመት ሙሉ የጠየቅሁትን ዛሬ መለሱልኝ» ብለው አመሰገኑ። እኔም ወፊቱ በጨፌው ላይ ለምን ፀሐይ እስኪሞቅ ቆማ እንደ ጠበቀች ያን ጊዜ ገባኝ።

መምህሩ ቀጥለው ወረቀትና ብዕር አወጡ። «ወደ ባለ ቀለበቶቹ ደብዳቤ እንጽፋለን። የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፤ ቍጥሩን፥ ቀኑን፥ ስፍራውን፥ ወፊቱም እንዴት እንደ ተያዘች» አሉ። ሦስቱን ነገርናቸው፤ ጻፉ። ወደ አራተኛው በደረሱ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «እንዴት አገኘሃት?» አሉኝ።

ልጆች ሆይ፤ በዚያች ሰዓት «ወድቃ አገኘኋት» ማለት ቀላል ነበረ። ውሸትም አይመስልም፤ በእርግጥ ወድቃ ነበርና። መምህሩ አያውቁም፤ ጀርመኖቹም ሩቅ ናቸው። አያቴ ግን ያውቃሉ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ዓይናቸውንም ወደ መስኮቱ አድርገው ተቀመጡ። ዛሬ ሳስበው፥ የተቀበሉኝን ወንጭፍ ሊመልሱልኝ ይገባ እንደ ሆነ እየፈተኑኝ ይመስለኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ፥ «በወንጭፍ መትቼ ነው የጣልኋት» አልሁ።

መምህሩ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ይህን መናገርህ መልካም ነው፤ ጥቅሙም ለአንተ ብቻ አይደለም። ወፍ የመታ ሰው ሁሉ ‹ወድቃ አገኘኋት› ብሎ ቢጽፍ፥ እነዚያ ሰዎች ሽመሎች በምን ምክንያት እንደሚጐዱ ከቶ ሊያውቁ አይችሉም፤ ምክንያቱን ካላወቁም ሊጠብቁአቸው አይችሉም። በሐሰት የተጻፈ መዝገብ ባዶ ከሆነ መዝገብ ይከፋል።» ይህን ብለው እኔ እንዳልሁት ጻፉ፦ በድንጋይ ተመታች፥ በስድስት ቀን ታክማ በረረች።

ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ፤ መምህሩም ተርጕመው አነበቡልን። ወፊቱ ከሦስት ዓመት በፊት ገና ጫጩት ሳለች፥ በአንድ የገበሬ ቤት ጣራ ላይ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ቀለበት እንደ ታሰረላት ይናገራል። በዚያ አገር ሰዎች ሽመላ እንድትሠፍርላቸው አሮጌ የጋሪ መንኰራኵር በጣራቸው ወይም በግንድ ላይ ያኖሩላታል፤ በጸደይም መምጣትዋን ይጠብቃሉ። እንግዲህ ወንድሜ ያለው እውነት ሆነ፤ የጻፈ ሰው ነበረ፥ የሚጠብቅም ነበረ። እኔ በጨፌው ላይ ባለቤት የሌላት መስላኝ የመታኋት ወፍ፥ በሌላው የዓለም ጫፍ ቤትና ዘመድ ነበራት።

ካደግሁ በኋላ ይህን የሚመስል ሌላ ነገር በአገራችን ሆነ። በሶርያ በረሓ በተድሙር አጠገብ ራሳቸው ጠጕር የሌለው፥ ፊታቸው ቀይ፥ ገላቸው ጥቁር የሆነ የጋጋኖ ወገን ወፎች በ2002 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቈጣጠር ተገኙ። በዚያ አገር ፈጽመው ጠፍተዋል ተብሎ ነበርና ሰዎች እጅግ ተደነቁ፤ ነገር ግን ብርዱ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. በሦስቱ ላይ ከሰማይ የሚታይ ትንሽ መሣሪያ አሰሩባቸው። ሱልጣን፥ ሰላምና ዘኖቢያ ብለው ስም አወጡላቸው። ወፎቹም በዐረብ አገርና በየመን አድርገው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ገቡ። የወፍ ሊቃውንት ተከትለው ቢመጡ፥ በሸዋ ደጋ በግጦሽ መሬት ላይ አገኙአቸው። ሊቃውንቱ በዓለም ሁሉ ሲፈልጉት የነበረ ነገር በገበሬ ደጅ ነበረ። የሚያሳዝነው ግን፥ ቍጥራቸው አስቀድሞ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ በመንገድም አዳኞች ስለሚገድሉአቸው፥ የኤሌክትሪክ ሽቦም ስለሚያቃጥላቸው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ በረሓ ወፎች ጠፉ። አንድ ጠጠር ከጥቂቶች ላይ ሲወድቅ ከብዙዎች ላይ እንደ ወደቀ አይደለም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፥ ያላወቃችሁትን ነገር ከመምታታችሁ በፊት ቀርባችሁ እዩት። ከውጭ ክብ ሆኖ የሚታየው ቤት በውስጡ ሌላ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ በጨፌ ላይ ብቻዋን የቆመችው ወፍም ደብዳቤ ይዛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ንባብን ውደዱ፤ አንድ ፊደል ማወቅ አንድ በር መክፈት ነው፤ የማታውቁትንም ፊደል ባያችሁ ጊዜ አትናቁት፥ የሚያውቅ እስክታገኙ ድረስ በጥንቃቄ ገልብጣችሁ ያዙት እንጂ። ሦስተኛ፥ ክፉ በሠራችሁ ጊዜ እውነቱን ተናገሩ፤ ያንጊዜ ጥፋታችሁ እንኳ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

አያቴ ከነፋስ መውጫ ስንመለስ በመንገድ ወንጭፌን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው መለሱልኝ። ማሽላችንን ከዝንጀሮ መጠበቅ አለብኝና ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠጠር በወንጭፍ ከማግባቴ በፊት፥ «ምን አደረገችህ?» የሚለው ቃላቸው ይሰማኛል። በየዓመቱም በኅዳር ወር ጨፌ ባገኘሁ ጊዜ ቆም ብዬ ከጋጋኖዎቹ መካከል ነጭዋን እፈልጋለሁ፤ ባገኘኋትም ጊዜ አስቀድሜ የማየው እግርዋን ነው።